አንጋጫ ላይ ያልተጠራው ስም

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሰው ቃል ሳይተነፍስ የነገረህ ነገር የገባህ መስሎህ፣ ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አግኝተኸው አታውቅም? አንገቱን ሲደፋ አፈረ ብለህ ደምድመህ፣ እሱ ለካ ሲያከብርህ ነበር። ዝም ሲል ተስማማ ብለህ፣ እሱ ለካ ተቀይሞሃል። እኔ ላይ ደርሷል። የደረሰብኝም መስቀል በዋለ በሳምንቱ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች በሄድሁበት የስምንት ቀን ጉዞ ነው። ወደዚያ አገር መሄድ ለማይቀናቸው ሰዎች ይሆናል ብዬ፣ ከተመለስሁ በኋላ ደብተሬን እያየሁ በየቀኑ ከፍዬ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድሁ ልናገር። አስተማሪ ነኝ፤ የተወለድሁት ደብረ ብርሃን፣ የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ዓመት አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ከአምስት ከተሞች፣ ከየከተማው አንዲት ልጅ ብቻ ሊቀበል ፈቅዶ ነበርና፣ ልጆቹን ፈትኜ፣ ወላጆቻቸውን ጠይቄ ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ ተላክሁ። ዝርዝሩ በሁለተኛው ሰኞ ጧት ከሆሳዕና መነሣት ነበረበት። ስሟ ያልገባ ልጅ በዓመቱ ዕድሜዋ ያልፋል፤ ሁለተኛ ዕድል የላትም።

ደንብም ነበረን። ከዚያ በፊት በአንዷ ልጅ ስም ሌላዋን የላኩ ሰዎች ስለተገኙ፣ ወላጅ ብቻውን ገብቶ የልጅቱን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም በቃሉ እንዲናገር፣ ልጅቱ ከጻፈችውም ጋር እንዲመሳከር ተወሰነ። የሚያቀብለው እንዳይኖር ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያስጨመርሁት እኔ ነበርሁ፤ በጣም እኮራባት ነበር።

ከዚህ ሌላ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ማሠልጠኛ ሳለን አንድ የውጭ አገር መምህር ሰው በአካሉ ስለሚናገረው ነገር አንድ ሰዓት አስተምሮን ነበር። “ዓይኑን የሰበረ ተማሪ የደበቀው ነገር አለ” ሲለን እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን። እኛ ቤት የሚመታው ዓይኑን የሰበረ ልጅ ሳይሆን የአባቱን ዓይን አፍጥጦ ያየ ልጅ ነው። ቢሆንም ነገሩ ማርኮኝ ደብተር ገዛሁና በየገጹ መካከል መስመር አሰመርሁ፤ በግራ “ምልክት”፣ በቀኝ “ትርጉሙ”። በዚህ ጉዞ ደብተሩን ልሞላው ቆርጬ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው አቶ ከድር የሚባሉ የፎንቆ እህል ነጋዴ ናቸው። ገና ዓለም ገና ሳንደርስ እጄን ያዙ። ጨዋታው ሲያምር እጄን ጨበጥ፣ ቁም ነገር ላይ ሲደርሱ ጭኔን መታ ያደርጋሉ። ወሊሶ ለቁርስ ስንወርድ ጭኔ ግሎ ነበር።

“እናንተ ደብረ ብርሃኖች ስታወሩ እጃችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?” አሉኝ፤ የኔ እጅ ዝም ብሎ መቀመጡ ደንቋቸው።

“ጋቢ ውስጥ። ብርድ ነዋ።”

“ታዲያ በምን ትነጋገራላችሁ?”

“በአገጭ” አልሁና አገጬን ወደ መስኮቱ ወርወር አድርጌ አሳየኋቸው። በእውነትም እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲያሳይ፣ ልጅ ሲጠራ፣ ከብቱ የሄደበትን ሲጠቁም እጁን ከጋቢው አያወጣም። አቶ ከድር ሳቁና እሳቸውም ሞከሩት። ይህን አገጭ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ እኔ ሐሙስ ዕለት ረስቼው ነበር።

ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ሁለት ጊዜ ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። በሁለተኛው አንድ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። አንዲት መንገደኛ ሴት በእንጨት ቆፍራ አወጣችው፤ በሣር ጠርጋ፣ እጅ ነሥታ፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። እኛም አገር ለትልቅ ሰው ዕቃ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ጭቃ የለበሰ ጫማ በዚያ ክብር ሲሰጠኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሆሳዕና መናኸሪያ የደረስነው አመሻሹ ላይ ነው። ትኬት ቆራጮች ይጮኻሉ፣ ተሸካሚዎች ይሻማሉ። ካፖርት የደረበ አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ ፊት ለፊቴ ቆሞ አንድ ነገር አለኝ። አልሰማሁትምና ምን አልክ ለማለት ቅንድቤን ወደ ላይ አነሣሁ። ወዲያው ሻንጣዬን ትከሻው ላይ ጭኖ መንገድ ጀመረ።

“ኧረ ቁም! እሺ አላልኩህም!”

“ብለሃል” አለ ሳይዞር።

“መቼ?”

“ቅንድብህ ብሏል። አፍህ ገና አሁን መምጣቱ ነው።”

የወሰደኝ ማረፊያ ቤት ንጹሕ ነበር፤ ባለቤቷም የእግር ውሃ አሙቃ ሰጠችኝ። ስለዚህ ከተሸካሚው ጋር አልተጣላሁም። ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍሁ፦ “ቅንድብ ማንሣት፤ እሺ። ስትጠይቅም ቢሆን።”

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሆሳዕና ሠራሁ። ከፈተንኋቸው ልጆች አንዲቱ አለፈች፤ አባቷ ገብቶ ሦስቱንም ስም እንደ ውሃ አወረደልኝ። ደንቡ እንዴት ያለ ደንብ ነው አልሁ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ ከተማውን ዞርሁ። በየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ። አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ሙዝ ይመስላል፤ ግን የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። እኛ ዘንድ የሰው ሀብት የሚታወቀው በክምሩ ነው፤ እዚህ በእንሰቱ። ሰዎቹ ሲጨባበጡ በግራ እጃቸው የቀኝ ክንዳቸውን ደገፍ ያደርጋሉ። ይህ የኛም ነው። አዎ ሲሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ ይህም የኛ ነው። እንዲያውም አዲስ ነገር አጣለሁ ብዬ ሰግቼ ተኛሁ።

ረቡዕ

በአቶ ከድር የጭነት መኪና ፎንቆ ሄድሁ። የፎንቆዋን ልጅ መርጬ ስጨርስ አቶ ከድር ክንዴን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝ። ባለቤታቸው አተካና የሚባለውን የሐዲያ ምግብ አቀረቡ። አተካና ከእንሰት ከሚወጣው ቡላ፣ ከወተት፣ ከአይብና ከቅቤ የሚሠራ የክብር እንግዳ ምግብ ነው። ሽታው ብቻ ያጠግባል።

ግን ረቡዕ ነበር፤ እጾማለሁ። ይህን መናገር አፈርሁ። ሳህኑን በጣቴ ጫፍ ትንሽ ገፋ አደረግሁና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁ። የኔ ሐሳብ፣ “አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ግን አይሆንልኝም” ማለት ነበር።

የቤቱ እመቤት ፊት ወደቀ። አቶ ከድር ጠጋ ብለው፣ “አይዞህ፣ ሥጋ የለበትም። ክርስቲያን እንግዳ መሆንህን አውቀን ነው የሠራነው” አሉኝ።

እጄን እንደገና ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልሁ።

“አሞታል” አሉ ባለቤታቸው። “እጁን ተመልከት፣ ልቡን ይዟል።”

ወዲያው ዝንጅብል ተቀቅሎ መጣ። ጎረቤት መጣ። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ዳሰሱ። ዝንጅብሉን እየጠጣሁ፣ እያላበኝ፣ በመጨረሻ እውነቱን አወጣሁ። “አቶ ከድር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።”

“ረቡዕ ቢሆንስ?”

“ጾም ነው።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ከድር ጭኔን ሰኞ ከመቱኝ ሁሉ አብልጠው መቱኝና፣ “አላህ አፍ ሰጥቶህ በሳህን ትናገራለህ?” አሉኝ።

ከእንሰት የሚጋገረው ቆጮና ቅቤ ያልነካው ጎመን መጣልኝ። አተካናው ተከድኖ ተቀመጠ፤ ሐሙስ ጧት ተሞቆ ሲቀርብልኝ ሳህኑን ጠርጌ በላሁት። እኛ አገር እንግዳ ጥቂት ያስተርፋል፤ እዚህ ግን ባስተርፍ እንደገና ዝንጅብል ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

ሐሙስ

በአንድ ነጋዴ ላንድሮቨር አንጋጫ ገባሁ። አንጋጫ ደጋ ነው። ብርዱ፣ ነፋሱ፣ ጋቢ የተከናነበው ሰው ሁሉ ደብረ ብርሃንን አስታወሰኝና ደስ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከወይራ ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። “ኧረ ይቀመጡ፣ በእግዜር!” ብያቸው አለፍሁ። አልፌ እስክገባ ድረስ ቆመው ቆዩ።

አምስት ልጆች ፈተንሁ። ከአምስቱ አየለች የምትባለው ሌሎቹ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ጽፋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ያደረገችው ማካፈል ላይ ስሕተት አለ ብዬ ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። እርሳሴን ሸለምኋት። ስምሽን ከነአያትሽ ጻፊ ስላት አየለች ኤርሱሞ ሎዳሞ ብላ ጻፈች። ወላጇ ገብቶ እነዚህኑ ሦስት ስሞች ቢነግረኝ ነገሩ አለቀ።

ዲሬክተሩ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ረጋ ያሉ ሰው፣ በሩ ላይ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። “የመጣችው እናትየዋ ናት። አባትየው የስኳር አገዳ ተክል ነው የሚሠራው፤ ለመስቀል መጥቶ ተመልሷል። እኔ አብሬ ብገባ…”

“አማርኛ አትችልም?”

“ትችላለች፤ ገበያ የምትውል ሴት ናት።”

“እንግዲያው አስተርጓሚ አያስፈልግም።”

“ለማስተርጎም እንኳ ሳይሆን…”

“ደንብ ነው” አልኋቸው። እጃቸውን አጣምረው ወጡ።

የአየለች እናት ገባች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት አይበልጥም፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ አንገቷ ሥር ይዛለች። አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጀርባዋ መስኮቱ ተከፍቷል።

“የልጅዎ ስም ማን ነው?”

“አየለች።”

“አባቷስ?”

“ኤርሱሞ።”

“የኤርሱሞ አባትስ? የልጅቷ አያት?”

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች፤ ፊቷን ከኔ ዘወር አድርጋ አገጯን ወደ መስኮቱ አነሣች።

“ያውቁታል?”

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። አዎ።

“እንግዲያው ይንገሩኝ።”

“እዚያ ነው።”

“የት እንዳለ አልጠየቅሁዎትም፤ ስሙን ነው።”

“አዎ። እዚያ።” አገጯ እንደገና ወደ መስኮቱ ሄደ። መውጣት የፈለገች መሰለኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁ። በዚያ ብርድ ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ያን ጊዜ የማሠልጠኛው መምህር ንግግር፣ ያ የሳቅንበት ንግግር፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ስሙን አውቃለሁ ትላለች፣ ግን አትናገርም፤ ዓይኗን ትሰብራለች፤ አፏን ትሸፍናለች፤ መውጫ ትፈልጋለች። እናቷ አይደለችም አልሁ። ተውሰው ያመጧት ሴት ናት።

መዝገቡ ላይ “የአያትን ስም መናገር አልቻለችም፤ አጠራጣሪ” ብዬ ጻፍሁና ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ ስም በተጠባባቂነት ከሥር አሰፈርሁ። “አልሆነም” አልኋት።

ተነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየች፤ ከዚያ መስኮቱን፤ ከዚያ ወጣች። በበሩ ስመለከት ከዛፉ ሥር ያሉትን ሽማግሌ በክንዳቸው ይዛ አነሣቻቸው። አየለች በመካከላቸው ሆና ቁልቁል ወረዱ። እርሳሴ በእጇ ነበር።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ። “ዓይን መስበር፣ አፍ መሸፈን፣ ወደ መስኮት ማየት፤ መደበቅና ማምለጥ መፈለግ።” ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ዓርብ

በበቅሎ ዱራሜ ደረስሁ። የሙዱላ ልጆችም ለመፈተን እዚያው መጥተው ነበርና ሥራው ብዙ ነበር። ግን ቀና ሆነልኝና በአሥር ሰዓት ጨረስሁ። ቅዳሜ ነፃ ቀኔ ስለነበረ ሙዱላ ወርጄ አገሩን ላይ ወሰንሁ፤ እሑድ ጧት ወደ ሆሳዕና የሚያደርሰኝ መኪና ዱራሜ ይጠብቀኛል።

ያረፍሁት መምህር ማቴዎስ ከሚባል የወንጌል አማኝ ወጣት አስተማሪ ቤት ነው። ከበሩ ላይ ሆኜ ገና ሰላምታ ሳልጨርስ፣ “ዛሬ ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ!” አልሁ። ማቴዎስ ግራ ገብቶት ሚስቱን ወይዘሮ ሐናን አየ፤ እሷ ግን፣ “ጎበዝ! አስቀድሞ የሚናገር እንግዳ ይባረክ” ብላ ጎመኑን በዘይት ሠራችልኝ።

ራት ላይ ስንቀመጥ ሐና ከማቴዎስ አጠገብ ያለውን የእንጨት ማንኪያ ፈለገች። ስሙን አልጠራችም። ምላሷን ጠቅ አድርጋ አንጓዋን እንደሚያማስል ሰው አዞረች፤ ማቴዎስ አቀበላት። ጥቂት ቆይቶ ደገመችው። እኔም ደብተሬን አወጣሁ፦ “አንጓ ማዞር፤ አቀብለኝ።”

ማቴዎስ በትከሻዬ ላይ አነበበና ሳቀ። “አይደለም፣ አይደለም! ይህ የሐና ብቻ ነው። የዚያ ማንኪያ ስም በከምባትኛ አጀማመሩ ከአባቴ ስም ጋር አንድ ነው። ስለዚህ አትጠራውም።”

“ማንኪያውን?”

“ማንኪያውንም፣ አባቴንም። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም፤ በዚያ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፣ ወይም ሌላ ቃል ትተካበታለች። ባሊሻ እንለዋለን። እኛ ከወንጌል ወዲህ ብዙ ልማድ ትተናል። ይህን ግን ተዪ ብላት ከቤት የምታስወጣኝ እኔን ነው።”

“ስም ነው እኮ” አለች ሐና። “የአማት ስም እንደ ውሻ ስም ይጠራል እንዴ?”

እጄ ላይ ያለው ቆጮ እዚያው ቀረ። “ሐና፣ አንድ ሹም ቢጠይቅሽስ? ከመንግሥት የመጣ ሰው ቢሆን?”

“ዝም እላለሁ።”

“ቢቆጣስ?”

“ይቆጣ።”

“የልጅሽ ጉዳይ ቢሆንስ? መናገርሽ ለልጅሽ የሚበጃት ቢሆን?”

ይህ አሳሰባት። ማንኪያውን አስቀመጠች። “እንግዲያማ” አለች፣ “አማቴን ይዣቸው እሄድና ሰውየውን አሳየዋለሁ። እነሆ፣ እሳቸው ናቸው፣ ራስህ ጠይቃቸው እለዋለሁ።”

ወይራው ዛፍ ታየኝ። በርጩማው ታየኝ። የተከፈተው መስኮት፣ በዘንግ ተደግፈው የተነሡት ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ ወደዚያ የተነሣው አገጭ። እዚያ ነው። አዎ፤ እዚያ። መልሱ ከኔ ሃያ እርምጃ ርቆ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

“ምን ሆንክ?” አለ ማቴዎስ። “አመመህ?”

“ዝንጅብል እንዳታመጡ” አልሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ማቴዎስ አንገቱን ነቀነቀ፤ ሐና ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። የእንባ ይሁን የሳቅ አላወቅሁም። ከእንግዲህ ላለመገመት ወስኜ ነበርና ጠየቅኋት።

“የቁጣ ነው” አለች።

ቅዳሜ

ሙዱላን ሳላይ ቀረሁ። ወደ አንጋጫ የሚሄድ መኪናም በቅሎም ስላልተገኘ በእግሬ ተነሣሁ። ሐና ቆጮና የተቆላ ገብስ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ስትሰጠኝም፣ “ዝም ብለህ እንዳትገባ። ስትደርስ ሰላም በል፤ ከዚያ ተቀመጥ፤ ከዚያ ጠይቅ” ብላ አስጠነቀቀችኝ። ተራዬን ተማሪ ሆንሁ። ማቴዎስ አንድ ሰዓት መንገድ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

አንጋጫ የገባሁት ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ዲሬክተሩን ከቤታቸው አገኘኋቸው።

“ለምን አልነገሩኝም?” አልኋቸው።

“ልነግርህ ገብቼ ደንብ ነው አልከኝ። ደንብ ከላይ ከመጣ በኋላ ምን እላለሁ?” ካፖርታቸውን ደረቡ። “በል ና፣ ቤታቸውን ላሳይህ።”

ቤቱ ከዳገቱ ሥር ነው። ሽማግሌው በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሊነሡ ሲሉ ቀድሜ በርከክ አልሁና እጃቸውን በሁለት እጄ ጨበጥሁ። አየለችና እናቷ ከውስጥ ወጡ። እናቲቱ ፊት ላይ የፍርሃትም የቁጣም ነገር አላየሁም፤ ያየሁት መስሎኝም ቢሆን አላምነውም ነበር።

ሐና እንዳለችኝ ሰላም አልሁ። ተቀመጥሁ። ወተት ቀረበ፤ ጠጣሁ። ከዚያ በዲሬክተሩ አፍ፣ “አባቴ፣ ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት” አልኋቸው።

“ሎዳሞ” አሉ ሽማግሌው፣ ጮክ ብለው።

ይህን ጊዜ ወደ እናቲቱ ዞርሁ። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች፤ ፊቷን ዘወር አደረገች። ሐሙስ ካደረገችው አንድም አልጎደለም፤ ዛሬ ግን ማንም ምንም የጠየቃት የለም። ስሙ ስለተጠራ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ዲሬክተሩ ተረጎሙልኝ። “ሐሙስም የመጣሁት ለዚሁ ነበር። ምራቴ ስሜን እንደማትጠራ አውቃለሁና ሲፈልጉኝ እገባለሁ ብዬ ተቀመጥሁ። አንተ ሰላም ብለኸኝ አለፍህ። ሳይጠሩት የሚገባ ሽማግሌ አለ?”

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ “አጠራጣሪ” የሚለውን ሰረዝሁ፤ የሰረዝሁት እኔ መሆኔንም ከጎኑ ፈረምሁ። ተጠባባቂዋ ልጅ ገና አልተነገራትም ነበርና ማንም ተስፋ ሰጥቼ የነጠቅሁት የለም። እናቲቱ አውራ ጣቷን ቀለም ላይ አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ጣቷን በሣር እየጠረገች፣ “ነግሬህ ነበር እኮ” አለችኝ።

“አዎ፣ ነግረውኛል። አላየሁም።”

ሳቀች። አየለችም ሳቀች። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ጠየቁ፤ ሲተረጎምላቸው እሳቸው አልሳቁም፤ እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ ቆዩ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም።

እሑድና ሰኞ

አንጋጫ ስላደርሁ ዱራሜ የነበረው መኪና አመለጠኝ፤ ሆሳዕና የደረስሁት ድንች በጫነ መኪና ላይ ነው። ማታ ዝርዝሩን ገለበጥሁና አንድ ገጽ ደብዳቤ አከልሁበት፦ ወላጅ ብቻውን ይጠየቅ የሚለው ቃል እንዲወጣ፣ በምትኩ የአገሩን ልማድ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲቀመጥ። ያስገባሁትን ቃል ለማስወጣት ካስገባሁበት ጊዜ የበለጠ ቀለም ፈጀሁ።

ሰኞ ጧት መናኸሪያው ላይ ያ ካፖርታም ተሸካሚ ሻንጣዬን አየና ቆመ። “ዛሬስ? በአፍህ ነው በቅንድብህ?”

“በአፌ። ወደ አዲስ አበባ።”

“ተሻሽለሃል” አለ።

አየለች በጥቅምት አዳሪ ትምህርት ቤቱ ገባች። እያየኋት መዝገቡ ላይ ስሟን ራሷ ከነአያቷ ጻፈች፤ እርሳሱ በጣም አጥሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተሬ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርሁ። ርዕሱ “ማንን ጠየቅሁ?” የሚል ነው። ማንንም ሳልጠይቅ የተረጎምሁት ብዙ ነበርና፣ በዚህ ዓምድ ብዙ መስመር ባዶ ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ደብረ ብርሃን ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ እናቴ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። አባቴ አልነበረም።

“እማዬ፣ የአባቴ ስም ማን ነው?” አልኋት።

“ምነው፣ ጤና የለህም?”

“ኧረ ንገሪኝ።”

“እሳቸው ናቸዋ!”

“እሳቸው ማን?”

እጇ እንዝርቱ ላይ ነበር። አገጯን ወደ ግድግዳው ወረወረችው፤ የአባቴ ካፖርት የሚሰቀልበት ሚስማር ወዳለበት። የአባቴን ስም ከእናቴ አፍ ሰምቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ልብ አልሁ። ያደግሁት እኮ እዚያው ቤት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሞክረው። ነገ፣ ከጧት እስከ ማታ፣ የአንድ የቅርብ ሰውህን ስም አትጥራ። አባትህ ይሁን፣ ሚስትህ ይሁን፣ አለቃህ ይሁን። ሰዎች ማን? እያሉ ይጠይቁህ፤ አንተ ሌላ መንገድ ፈልግ። ማታ ቁጭ በልና እጅህ፣ ዓይንህ፣ አገጭህ ወዴት ወዴት እንደጠቆሙ አስታውስ። ከጠየቁህ ሰዎች መካከል የጠቆምክበትን ዞሮ ያየ አንድ እንኳ ከተገኘ፣ የሱን ስም ጻፍልኝ።